ምሳ ዕቃው 6 ሰዓት ላይ ሲከፈት

ኅዳር ነበር፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭበት ወር። ትንሿ ልጄ አንደኛ ክፍል የገባችበት ዓመት ነው። ምሳ ዕቃዋ ለ3 ሳምንት ያህል እንደሞላ ወደ ቤት ተመለሰ። ሽሮው ወፈር ያለ፣ እንጀራው የዕለቱ፣ ጨውና ቅመሙ የተመጠነ ነው፤ ጠዋት ስቀምሰው ይጣፍጠኛል። «ምነው አልበላሽም?» ስላት «ነጭ ነገር አለው» ትለኛለች። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ምንም የለም። ነጩ ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ አንድ ቀን ቀትር ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ክዳኑን በገዛ እጄ ስከፍተው ነው። ጠዋት ሽሮው ላይ ሲያብረቀርቅ የነበረው ዘይት ረግቶ እንደ ሻማ ተጋግሯል። እኔም ብሆን አልጎርሰውም።

ምሳ አቋጣጠሬ የተለወጠው ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ምሳ የማስበው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ምድጃው ጎን ቆሜ ነበር። አሁን የማስበው ከቀትር ተነስቼ ወደ ኋላ ነው። ይህ ምግብ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ቦርሳ ውስጥ ሲንገላታ አርፍዶ፣ በትንሽ እጅ ሲከፈት ምን ይመስላል? ይፈሳል? ይሸታል? ሳይሞቅ ይዋጣል? ልጆቹ ለጨዋታ ሳይጣደፉ ተበልቶ ያልቃል?

ስለ ራሴ ባጭሩ ልንገራችሁ። የተወለድኩት መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ በቀን 50 የሚጠጉ ምሳ ዕቃዎች ዓይኔ እያየ ይከፈታሉ። ቤቴ ውስጥ ደግሞ 4 ምሳ እቋጥራለሁ፤ ለ2 ልጆቼ፣ ለራሴና ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ለሚሠራው ባለቤቴ። የምጽፈው ከነዚህ ሁሉ ክዳኖች ስር ያየሁትን ነው።

ዘይቱ

ሱቅ ውስጥ በርካሽ የምናገኘው የሚረጋ ዘይት ከፓልም የሚሠራ ነው። ግማሽ ያህሉ በብርድ የሚጠጥር ስብ ነው። ቆላው ሸዋ ሮቢት ላለ ሰው ቀኑን ሙሉ ፈሳሽ ሆኖ ይውላል፤ እኛ ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለነው፤ ጥላ ባለበት ክፍል ውስጥ 3 ሰዓት ሳይሞላው ይረጋል። አብዝቶ መብላቱም ለልብ አይበጅም። ቅቤም ያው ነው፣ በብርድ ይረጋል።

ስለዚህ ለምሳ የሚሆነውን ወጥ በሱፍ ወይም በኑግ ዘይት እሠራለሁ። ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ የመምህር ደመወዝ ነው የምበላው። መላው መጠኑን መቀነስ ነው። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ በሚል ውኃ እያማሰላችሁ አብስሉት፤ ውኃው ሲመጥ ነው ዘይቱ የሚገባው። እንዲህ ከተሠራ ለ4 ሰው ሽሮ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃዋል፤ ጣዕሙም አይጎድልም። ቅቤው ለእራት ይቆይ፤ ክብሩ ትኩስ ላይ ነው።

ሽሮውን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የተፈጨ ሽሮ ስትገዙ ምን እንደገባበት ጠይቁ። በእኛ አገር ጓያ በርካሽ ስለሚገኝ ሽሮ ውስጥ ይገባል፤ ጓያ ደግሞ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ይሰብራል። ልጅነቴን ያሳለፍኩበት አካባቢ በምርኩዝ የሚሄዱ፣ «ጓያ ሰበራቸው» የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። እኔ ሽንብራና አተር ገዝቼ፣ ለቅሜ፣ ራሴ አስፈጫለሁ።

ቀዝቅዞ የሚጣፍጥ

የረጋው ሽሮ ካስደነገጠኝ በኋላ ለእናቴ ስልክ ደውዬ ነገርኳት። «ልጄ፣ እኛ ስንቅ ስንቋጥር ማን ያሞቅልናል ብለን ነበር?» አለችኝ። ነገሩ ዓይኔ ፊት ነበረ። ከጾም ምግባችን ብዙው ሲፈጠርም ቀዝቅዞ እንዲበላ የተሠራ ነው። አዚፋ፣ ስልጆ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ የተልባ ፍትፍት፣ የቲማቲም ፍትፍት። እነዚህ ሲቀዘቅዙ ጣዕማቸው አይሄድም፤ እንዲያውም የሚመጣው ያኔ ነው። ትኩስ አዚፋ የሚፈልግ ሰው አላየሁም።

አዚፋን በሳምንት አንድ ቀን ሳልሠራ አልውልም። ለ4 ምሳ ዕቃ 1 ኩባያ ተኩል ድፍን ምስር ለቅሜ አጥባለሁ፤ በብዙ ውኃ እስኪፈርስ ሳይሆን በጣት ሲጫኑት እስኪለሰልስ እቀቅለዋለሁ። ውኃውን አጠንፍፌ፣ ግማሹን በማንኪያ ጀርባ እደፈጥጠዋለሁ፣ ግማሹን እንዳለ እተወዋለሁ። እንዲህ ሲሆን እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ልጅ በእንጀራ ስትቆርሰው አይበተንባትም። ቀይ ሽንኩርቱን በደቃቁ ከትፌ 10 ደቂቃ ጨው ባለው ውኃ እዘፈዝፈውና አጥበዋለሁ። ይህን የማደርገው ለሽታው ነው፤ ያልታጠበ ጥሬ ሽንኩርት ተከድኖ ሲያረፍድ ክፍሉን በሙሉ ያውዳል፣ ልጆች ደግሞ ሽታ ላይ ምሕረት የላቸውም። ከዚያ ቃሪያው ፍሬው ወጥቶ፣ የ1 ሎሚ ጭማቂ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨው፣ በመጨረሻ ሰናፍጭ። ሰናፍጩን ለልጆቹ ድርሻ ለስሙ ያህል ብቻ ጠብ አደርግበታለሁ፣ ለባለቤቴ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር።

ምስር ለምን ትወጃለሽ ብትሉኝ፣ ከ100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25 ግራሙ ፕሮቲን ነው። እህል ለብቻው የሚያጎድለውን ጥራጥሬ ይሞላዋል፤ ጥራጥሬ የሚያጎድለውን እህል። ጤፍ እንጀራ ከምስር ጋር፣ የስንዴ ዳቦ ከሽንብራ ጋር፣ ገብስ ከባቄላ ጋር። ሥጋ ባልተገዛበት ሳምንት የልጅ ምሳ ጎደለ የምትል እናት ካለች፣ እህሉና ጥራጥሬው አንድ ላይ እስከሆኑ ድረስ አትጨነቅ።

ስለ ውኃችን

ከሸዋ ሮቢት ተዛውራ የመጣች ባልደረባዬ የመጀመሪያውን ወር «ባቄላችሁ ድንጋይ ነው» እያለች ታማርር ነበር። ባቄላው አይደለም። ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ወደ 91 ዲግሪ ገደማ ነው። እንዳሻችሁ እሳት ብትጨምሩ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ እንጨቱና መብራቱ ብቻ ነው የሚባክነው። መፍትሔው እሳት ሳይሆን ጊዜ ነው። ባቄላና ሽንብራ ከ10 እስከ 12 ሰዓት መዘፍዘፍ አለባቸው፤ የተዘፈዘፉበት ውኃ ይደፋል፤ በአዲስ ውኃ ይቀቀላሉ። ሆድ የሚነፋውም ይቀንሳል፣ ሰውነታችን ከጥራጥሬው ብረትና ዚንክ እንዳይወስድ የሚይዘው ነገርም ከፊሉ ከውኃው ጋር ይሄዳል። ፕሬዠር ድስት ያለው ሰው ጣጣው ሁሉ ይቀርለታል።

እንቁላልም እንደዚሁ ነው። ሌላ ቦታ በ10 ደቂቃ የሚጠነክረውን እኔ 13 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ለምሳ የሚሄድ እንቁላል አስኳሉ ፈሳሽ መሆን የለበትም። ቅርፊቱም አይላጥ። ቅርፊቱ የተፈጥሮ ክዳን ነው፤ ልጅ ራሷ እየላጠች ስትበላው ደግሞ ደስ ይላታል።

እሑድ ማታ አንድ ትልቅ ድስት ንፍሮ እቀቅላለሁ፤ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ሽንብራ። ባቄላው ቀድሞ ይገባል፣ ስንዴው በኋላ። ሲበስል አጠንፍፌ፣ በትሪ ላይ በትኜ አቀዘቅዝና ፍሪጅ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ እስከ ረቡዕ ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት ከእሱ 1 ኩባያ አውጥቼ አንድ ጊዜ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ሎሚና ዘይት፣ ትንሽ የተከተፈ ቃሪያና ካሮት ጣል አደርግበታለሁ። ንፍሮ ብቻውን ሲሆን «የድሃ ምሳ» የሚል ልጅ፣ ይህንን በማንኪያ ሲበላ ምንም አይልም። ከቆላው ወገን፣ ከቀወትና ከኤፍራታ የሚመጣ ማሾ ካገኛችሁ ደግሞ እሱ መዘፍዘፍም አይፈልግም። ብዙ ሰው ማሾን ለሽያጭ እንጂ ለድስት አያስበውም፤ እኔ በእርድና በነጭ ሽንኩርት አልጫ አድርጌ እሠራዋለሁ። ከሁሉም ጥራጥሬ ለልጅ ሆድ የሚቀለው እሱ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ክዳኑን መቼ እንደሚከድኑት

ምሳ በማበላሸት ከዘይቱ የሚተናነስ አይደለም ይህኛው፤ እንዲያውም ሊያሳምም የሚችለው እሱ ነው። ጠዋት ትቸኩላላችሁ። ትኩስ ወጥ በላስቲክ ዕቃ ትጨምሩና ግጥም አድርጋችሁ ትከድኑታላችሁ። እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፣ ክዳኑ ስር ጠብ ጠብ ይላል፣ እንጀራውን ያረጥባል። ወጡ ደግሞ ለረጅም ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል። ጀርም የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ነው፤ የሚመቸው ደግሞ ለብ ያለው ላይ ነው። የበሰለ ምግብ እዚያ ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመከራል። የሸተተ ሽሮ፣ አረፋ የሠራ አልጫ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ መንገዱ ሁለት ነው፤ ወይ የሚፋጅ፣ ወይ ፈጽሞ የቀዘቀዘ። መካከል የለም።

የሚፋጅ ለማድረግ አፈ ሰፊ የምግብ ፔርሙዝ ያስፈልጋል። ምግቡን ከመጨመራችሁ በፊት የፈላ ውኃ ሞልታችሁ 10 ደቂቃ ተዉት፤ ድፉትና የሚንፈቀፈቀውን ወጥ እስከ አፉ ሙሉት። ባዶ ቦታ በቀረ ቁጥር ቶሎ ይቀዘቅዛል። ይህንን ሳያደርጉ «ፔርሙዙ አይሠራም» የሚሉ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ የባለቤቴን ፔርሙዝ ከአሮጌ ባና ቁራጭ በሰፋሁት ከረጢት ውስጥ ነው የምከተው፤ የመንዝ በግ ጠጉር ሰውን ከብርድ ካዳነ ወጥን አያቅተውም። ግን ልብ በሉ፦ በባና የሚጠቀለለው የሚፋጀው ፔርሙዝ ብቻ ነው። ለብ ያለ የላስቲክ ዕቃ በባና ጠቅልሎ መላክ ለጀርም አልጋ ማንጠፍ ነው።

ፔርሙዝ የሌለው ሰው (እኔም ለልጆቼ የለኝም፤ ከብዷቸው ስለሚጥሉት) የማቀዝቀዙን መንገድ ይያዝ። እዚህ ላይ ብርዱ ባለውለታችን ነው፤ ከ5 ዲግሪ በታች ባያወርደውም ከለብታው ቶሎ ያወጣዋል። ወጡን በሰፊ ትሪ ላይ ስስ አድርጎ ዘርግቶ፣ በነጠላ ወይም በወንፊት ሸፍኖ መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ነው፤ ጸጉር ተሠርቶ፣ ጫማ ታስሮ እስኪያልቅ በ20 ደቂቃ ይቀዘቅዛል። ከዚያ መክደን ነው። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ከዚያ በታች ያላችሁ ይህን አትመኑት፤ እናንተ ጋ ቀትር ላይ የቆላ ፀሐይ አለ። ለናንተ የምመክረው ደረቅ ያለ ምግብ፣ ሎሚ የገባበትና ቶሎ የማይበላሽ ነው። ሥጋ፣ አይብና ወተት ያለበት ነገር ግን እኛም ጋ ቢሆን ምሳ ዕቃ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ሩዝም አሳሳች ነው፤ በስሎ ድስቱ ውስጥ እንደተከደነ ያደረ ሩዝ ቢሞቅም ከማሳመም አይመለስም።

አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ከስንደዶና ከአክርማ ተሰፍቶ በቆዳ የሚለበጠው አገልግል እኮ ምሳ ዕቃ ነው። ውስጡ ያለው ሣር እርጥበቱን ይስባል፣ ፍትፍቱ አያልበውም። ላስቲክ ዕቃ ይህን አያደርግም። እኔ ዕዳውን የምከፍለው ክዳኑ ስር አንድ የታጠበ ነጭ ጨርቅ በማንጠፍ ነው፤ እርጥበቱን ይጠጣል። ልጅቷም ከበላች በኋላ እጇን ትጠርግበታለች።

እንጀራው

የተጠቀለለ እንጀራ የሚበላሸው ወጡ ሲቀጥን ነው። ለመጠቅለል የሚሆነው ወፈር ያለ ነገር ነው፤ ክክ አልጫ፣ ድንችና ካሮት፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ የተፈጨ ሽንብራ። በዓይኑ በኩል ቀቡት፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ ሦስት ጣት በሚያህል ቁረጡት፤ ልጅ በአንድ እጇ ይዛ ሳይንጠባጠብባት ትበላዋለች። ቀጭን ወጥ ካለ ለብቻው በትንሽ ዕቃ ይሂድ። የዕለቱ እንጀራ ለመጠቅለል፣ የሦስተኛ ቀኑ ለፍርፍር።

ስለ ፍርፍር አንድ ቅሬታ አለኝ። ከማያቸው 50 ምሳ ዕቃዎች ውስጥ ከግማሽ የማያንሱት በየቀኑ ፍርፍር ናቸው። ፍርፍሩን አልጠላውም፤ ቀዝቅዞም ይበላል። ነገር ግን አብዛኛው በርበሬ፣ ዘይትና እንጀራ ብቻ ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ሌላ ነገር የለውም። አንድ እጅ የተቀቀለ ምስር ወይም የተከተፈ ጎመን ጨምሩበት። ቲማቲሙን አብዙት፣ በርበሬውን ቀንሱት። ጾም ካልሆነ አንድ እንቁላል ምቱበት። ሌላ ድስት አያስፈልገውም፤ የሚወስደው 5 ደቂቃ ነው፤ ያ ምሳ ግን ሌላ ምሳ ይሆናል።

ገብስ

እኛ ሰሜን ሸዋዎች ገብስ ላይ ተቀምጠን ብስኩት እንገዛለን። ይህን ስጽፍ ከልቤ እያዘንኩ ነው። ገብስ ውስጥ ያለው አሠር (ፋይበር) ምግቡ ቀስ ብሎ እንዲፈጭ ስለሚያደርግ ሆድን ይዞ ያቆያል። ብስኩትና የታሸገ ጁስ የበሉ ተማሪዎቼ ከሰዓት በኋላ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ራሳቸውን ጠረጴዛ ላይ ይጥላሉ፤ ጭብጦ የበሉት ዓይናቸው እንደበራ ነው። ይህን በየቀኑ አያለሁ።

ጭብጦ እንዲህ ነው። 1 ኩባያ በሶ፣ ቁንጥር ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የኑግ ዘይት ወይም ማር፤ ውኃውን በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ በእጅ እሹት። ሲያያዝና እጅ ሲለቅ በቃው፤ ውኃ ከበዛ ጭቃ ይሆናል። በጣት መጠን አድቦልቡሉት። ትንሽ የተቆላና የተፈጨ ተልባ ብትጨምሩበት ይለሰልሳል። ለ10 ሰዓት እረፍት፣ ለጠዋት እረፍት፣ ለመንገድ፣ ከእሱ የሚሻል አላውቅም። በሶውን እናቴ ናት የምትልክልኝ፤ ገብሱ ታምሶ፣ ተፈትጎ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ። ገበያ ላይ የምትገዙ ከሆነ ጣታችሁን ነክራችሁ ቅመሱት፤ የመረረ የከሰለ ነው፣ የሻገተ ሽታ ያለው ደግሞ ፈጽሞ አይገዛ።

ደብረ ሲና የሄደ ሰው ቆሎ ሳይዝ አይመለስም። ቆሎም ከለውዝ ወይም ከሽንብራ ጋር ሲደባለቅ ጥሩ ምግብ ነው። ግን ከ4 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ኬጂ ምሳ ዕቃ ውስጥ ቆሎም ለውዝም አታስገቡ። እየሳቁና እየሮጡ ሲበሉ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል።

ጎን ለጎን የሚገቡ

ካሮት፣ የተቀቀለ ቀይ ስር፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፤ ሁሉም እዚሁ ደጃችን ይበቅላሉ። ብርቱካንና ማንጎ ከቆላ ይመጣሉ፣ በየወቅቱ። ብርቱካን ከተላጠ ይደርቃል፤ ቅርፊቱን በቢላ ዙሪያውን ጫር አድርጋችሁ ላኩት፣ ልጅ በጣቷ ትፈለቅቀዋለች። ሙዝ ከምግቡ በላይ እንጂ ከሥር አይቀመጥም።

ሻይን በተመለከተ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ጤፉም ምስሩም ውስጥ ብረት አለ። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ያን ብረት እንዳይወስድ ያደርጋሉ፤ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ብርቱካን ደግሞ እንዲወስድ ይረዳሉ። ከሰባተኛ ክፍል ወዲያ ያሉ ሴት ልጆቻችን የወር አበባ ስለጀመሩ ብረት ከወንዶቹ በላይ ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን ምሳቸውን በሻይ የሚያወራርዱት እነሱ ናቸው። ሻዩ ከምሳ 1 ሰዓት ያህል ይራቅ። ከምሳው ጋር ውኃ ይጠጡ።

የጾም ቀን

ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም፤ የምሳ አቋጣጠሬ እነዚህን ይከተላል። ልጆች ከ7 ዓመታቸው ጀምሮ ጾም ሲለምዱ እንቁላሉ የሚወጣበትን ቦታ ጥራጥሬው መሙላት አለበት፤ ድንች በእንጀራ ብቻ አይበቃም። ለኔ ደግሞ በዐቢይ ጾም ምሳ የሚከፈተው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን ከ9 ሰዓት በኋላ ነው። ሰዓቱ ከረዘመ ምግቡም ይለወጣል። ያኔ እርጥብ ነገር አልይዝም፤ የገብስ ቂጣ በስልጆ፣ ቆሎ፣ ጭብጦ፣ ብርቱካን። ስልጆው የፈላና የኮመጠጠ ስለሆነ እስከዚያ ይቆያል።

ለአንድ ልጅ ስንት?

ለአንድ ልጅ የምትቋጥሩት ለአንድ ልጅ ከሲሶ ይሁን። ልጆች ለብቻቸው አይበሉም። ክዳኑ እንደተከፈተ አንዱ ለሌላው ያጎርሳል፣ ምሳ ያልያዘ ልጅ ካለ ሁሉም ይዘረጉለታል። ይህን አልከለክልም፤ ከማስተምራቸው ነገር ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። ግን በልኩ የተቋጠረለት ልጅ ጎርሶም አጉርሶም ሲጨርስ ራሱ እንደራበው ይቀራል።

አንዲት ተማሪዬ ምሳዋን ሁልጊዜ ቦርሳዋ ውስጥ እጇን አስገብታ፣ ሰው እንዳያያት ትበላ ነበር። ቆሎና ቂጣ ነበር። ምንም አላልኳትም። በማግስቱ እኔም ቆሎና ጭብጦ ይዤ መጣሁና ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ መብላት ጀመርኩ። «ቲቸር፣ ምንድን ነው?» ብለው ተሰበሰቡ፤ ሁሉም ቀመሱ። በሳምንቱ 4 ልጆች ጭብጦ ይዘው መጡ፤ ልጅቷም ቂጣዋን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስለዚህ መምህራን ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ እናንተ የምትበሉትን ልጆች ያያሉ።

ለሌሊት ፈረቃ

ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ሲሆን ምግቡን የሚከፍተው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ቅባት የበዛበት ነገር ያኔ ደረት ያቃጥላል፣ እንቅልፍም ያመጣል። ፔርሙዙ ውስጥ ምስር ወይም ማሾ አልጫ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ እንጀራ ለብቻ፣ 2 የተቀቀለ እንቁላል። ለሌሊቱ 9 ሰዓት ደግሞ ግማሽ ሊትር በሚይዝ ኮዳ ውስጥ 4 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ በሶ፣ ቁንጥር ጨውና ስኳር አድርጌ እሰጠዋለሁ። ውኃውን እዚያው ሊጠጣ ሲል ነው የሚጨምረው፤ ይነቀንቅና ይጠጣዋል። ከቤት ተበጥብጦ የሄደ በሶ ግን ሲያድር ይኮመጥጣል።

ማታ

ልጆቹ ሲመለሱ መጀመሪያ የምከፍተው ደብተር ሳይሆን ምሳ ዕቃ ነው። የተመለሰውን ምግብ ሳልደፋ አየዋለሁ። እንጀራው ተበልቶ ወጡ ከቀረ ወጡ ቀጥኗል ወይም አቃጥሏል። ወጡ ተበልቶ እንጀራው ከቀረ እንጀራው ደርቋል። ሁሉም እንዳለ ከተመለሰ ወይ ልጁ አሞታል፣ ወይ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ብሎታል፤ ያኔ ስለ ምግቡ ሳይሆን ስለ ቀኑ እጠይቀዋለሁ። ቀጥሎ ክዳኑ ላይ ያለውን ላስቲክ በማንኪያ ጫፍ አውጥቼ ለብቻው በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥባለሁ፤ የማይለቅ ሽታ የሚደበቀው እዚያ ስር ነው። ዕቃውን ሳልከድን፣ ክዳኑን ጎኑ አድርጌ፣ ደፍቼው አሳድራለሁ። ከዚያ የነገውን ምስር እለቅማለሁ።